ያገለገለች ጊታሬን አዲስ ፒክአፕና ብሪጅ ልገጥምላት ነው፤ ዕቃ ከማዘዜ በፊት ምን ልለካ?

የጣና ዳር ልጅ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ነኝ። በቅርቡ ሙዚቃ ካቆመ ልጅ ላይ ያገለገለች ኤሌክትሪክ ጊታር ገዛሁ። ቅርጿ ስትራት (የፌንደር ስትራቶካስተር ዓይነት) ነው። ሦስት ሲንግል ኮይል ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ባለ አንድ ጥቅል ማግኔት)፣ ባለ አምስት ቦታ ስዊች፣ ከኋላ ሞላ ያለው ትሬሞሎ ብሪጅ (ክሮቹ ቦዲው ላይ የሚያርፉበት፣ በእጀታ የሚንቀሳቀስ ብረት) አላት። ራሷ ላይ የነበረው ስም በብርጭቆ ወረቀት ተፍቋል፤ የማን ሥራ እንደሆነች አላውቅም። አንገቷ ግን ቀጥ ያለ ነው፣ እጄም ለምዷታል።

ችግሯ ብዙ ነው። ብሪጁ ጋ ያለው ፒክአፕ ሞቷል ማለት ይቻላል። አምፕ ላይ ስሰካት እዝዝዝ ትላለች፤ ቅዳሜና እሁድ ሐይቁ ዳር ሆቴል ስንጫወት ደግሞ ይብስባታል። ቮልዩሙን ሳዞረው ይንኮሻኮሻል። ትሬሞሎውን አንዴ ከነካሁት ቅኝቷ ይሄዳል፤ ትዝታ ጀምሬ ምን እንደምጨርስ እኔም አላውቅም።

አሁን የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ለበዓል ይመጣል። «ዕቃ ላምጣልህ» ብሎኛል። ያለኝ 150 ዶላር ገደማ ነው። ሦስቱንም ፒክአፕ፣ ብሪጁን፣ መቃኛዎቹን፣ ፖቶቹን (ከቮልዩምና ከቶን ማዞሪያዎቹ ሥር ያሉትን) እና ስዊቹን በአንዴ ልቀይር አስቤያለሁ። ካልገጠመ ግን መመለሻ የለውም። ምን ላስመጣ? መጀመሪያስ ምን ልለካ? ካውያ ይዤ አላውቅም፤ ሞባይል ጥገና ቤት ያለው ጓደኛ ግን አለኝ።

የፖሊው፦

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት መልቲሜትር ተዋስ። ጓደኛህ ሱቅ ውስጥ አይጠፋም። ጊታሯን ሳትፈታ ፒክአፖቹን መለካት ትችላለህ።

ኬብሉን ጊታሯ ላይ ሰካ፤ ሌላኛውን ጫፍ ግን አምፕ ላይ አትሰካው፣ በእጅህ ይሁን። ቮልዩሙን ሙሉ ክፈት። ሜትሩን 20 ኪሎ ኦም ላይ አድርግና አንዱን መንኪያ የኬብሉ ጃክ ጫፍ ላይ፣ ሌላውን የጃኩ ግንድ ላይ አሳርፍ። ከዚያ ስዊቹን ቦታ በቦታ እያዞርክ ቁጥሩን ጻፍ። ደህና ሲንግል ኮይል ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ኪሎ ኦም ያሳያል። ሁለት ፒክአፕ አብረው በሚሠሩበት ቦታ ቁጥሩ በግማሽ ይወርዳል፤ አትደንግጥ፣ ትክክል ነው። ሜትሩ «1» ብቻ ጽፎ ድርቅ ካለ ውስጡ ያለው ሽቦ ተበጥሷል። ያ ሽቦ ውፍረቱ 0.06 ሚ.ሜ ገደማ ስለሆነ በካቻቪቴ አንዴ ከተነካ በቂው ነው። ዜሮ ካለ ደግሞ የሆነ ቦታ ሾርት አለ።

ጩኸቱን በተመለከተ፣ ሁለት ነገር ሞክርና ንገረን። አንደኛ፣ ክሩን በእጅህ ስትነካ ይቀንሳል ወይስ ይጨምራል? ከቀነሰ የክሩ ግራውንድ (ክሩን ከጃኩ ግንድ ጋር የሚያገናኘው ሽቦ) ይሠራል፤ የቀረው የሽፋን ችግር ነው፣ ማለትም ውስጡን በመዳብ ቴፕ መሸፈን። ከጨመረ ጃኩ ላይ ሁለቱ ሽቦዎች ተገላብጠው ተበይደው ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ጊታሯን ይዘህ ቆመህ ዙር። ፊትህን ስታዞር ጩኸቱ ከፍ ዝቅ ካለ ከትራንስፎርመር የሚመጣ ማግኔታዊ ጩኸት ነው። እሱን ቴፕ አያቆመውም፤ ሀምበከር (ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ) ነው የሚያቆመው።

ሽጣትና ተገላገል፦

በ150 ዶላር ላይ ትንሽ ጨምረህ ደህና ያገለገለች ፈልግ። ስሟ የተፋቀ ጊታር ላይ ይሄን ሁሉ ማውጣት ለእኔ አይታየኝም። ስትሸጣት ፒክአፑን ማንም አይቆጥርልህም።

የድሮ ሊድ ጊታር፦

ልጄ፣ አትሽጣት። ጥሩ አንገት በገንዘብ አይገኝም፣ ሌላው ሁሉ ይቀየራል። ግን ብሪጅና መቃኛ ለመቀየር አትቸኩል። ቅኝት የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ በመቃኛው ሳይሆን ነቱ ላይ ነው፤ ራሷና አንገቷ መገናኛ ላይ ክሩ የሚያርፍበት ነጩ ፕላስቲክ ማለቴ ነው። ስትቃኝ ጭጭ የሚል ድምፅ ከሰማህ ክሩ እዚያ ተይዟል። ክሩን አንሳና ቦዩ ውስጥ እርሳስ እሽበት፤ የተማሪ እርሳስ ይበቃል። ክሩን ስትጠመጥም በመቃኛው ምሰሶ ላይ ሁለት ሦስት ዙር ብቻ ይሁን፣ አንዱ በአንዱ ላይ አይውጣ። አዲስ ክር ካሰርክ በኋላ በእጅህ እየሳብክ ደጋግመህ ቃኘው።

አሁን ወደ ትሬሞሎው። እውነቱን ንገረኝ፣ ሆቴል ውስጥ እጀታውን ትጠቀምበታለህ? እኛ ቤት ባቲም አምባሰልም ተጫወትክ፣ ክር የሚሳበው በጣት ነው። ብሪጁ ተንሳፍፎ ከሆነ አንዱን ክር ስትስብ ሌሎቹ ይወርዳሉ፣ ከዚያ ቅኝቱ ሁሉ የተበላሸ ይመስልሃል። ከኋላ ክዳኑን ክፈት። ሞላዎቹ የተያዙበትን ብረት ሁለት ትልልቅ ብሎኖች ከቦዲው ጋር አስረውታል። ብሪጁ ቦዲው ላይ ልጥፍ ብሎ እስኪተኛ ሁለቱንም እኩል አጥብቃቸው። ሦስት ሞላ ብቻ ከሆነ ሁለት ጨምር፤ ቦታው አምስት ይይዛል። እጀታውንም ንቀለውና ኬዝ ውስጥ ጣለው።

ሐይቅ ዳር ያለ ሰው ደግሞ ክሩን ጨርቅ አያሳጣው። ተጫውተህ ስትጨርስ ጥረገው። ክረምት ላይ አንገቷ ትንሽ ብትንቀሳቀስ አትደናገጥ፤ የአንገቱን ብረት ሩብ ዙር ብቻ አዙረህ እስከ ማግስቱ ጠብቅ።

ሚክሰር ላይ ያለችው፦

ወንድሜ፣ ጩኸቱ ሆቴል ውስጥ የሚብስ ከሆነ ጊታሯን ብቻ አትክሰሳት። ብዙ ቦታ ያለው ሶኬት ኧርዝ የለውም፣ ወይም መሃል ላይ ባለ ሁለት እግር ማከፋፈያ ገብቷል። መብራት ሄዶ ጄኔሬተር ሲነሳ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። አምፕህን ከፒኤው (ከአዳራሹ ድምፅ ማጉያ) ጋር ከአንድ መስመር ሰካ። መብራቱን የሚያደበዝዘው ማዞሪያ ካለበት መስመር አርቀው።

ይሄኛውን ግን ዋዛ አታድርገው፦ ግራ እጅህ ክር ይዞ ከንፈርህ ማይክ ሲነካ ቁንጥጥ አድርጎህ ያውቃል? ካወቀ መጫወት አቁም። ከመድረክ በፊት መልቲሜትሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርገህ አንዱን መንኪያ ክሩ ላይ፣ ሌላውን ማይኩ ብረት ላይ አሳርፍ። ጥቂት ቮልት ከሆነ እሺ። አሥሮችና መቶዎች ውስጥ ከገባ ኤሌክትሪሻን ሳይመጣ ማንም አይዘፍንም። ጩኸት ለማጥፋት ብሎ የኧርዙን እግር የሚቆርጥ ሰው ካየህ ኬብሉን ቀማው።

ፒክአፕ ከተባለ የእኔ ምርጫ አንድ ብቻ ነው፦ ብሪጁ ጋ በሲንግል ኮይል መጠን የተሠራ ሀምበከር። እንጨት መቆፈር የለ፣ ፒክጋርድ (ፊቷ ላይ ያለውን ፕላስቲክ) መቁረጥ የለ። አንገቱ ጋ ያለውን ተወው፤ ለትዝታ ያ ንጹሕ ድምፅ ሌላ ቦታ አይገኝም።

የልኬት ሰው፦

ከአሜሪካ የሚመጣ ዕቃ ላይ ሰዎች የሚሸወዱት ኢንችና ሚሊ ሜትር ላይ ነው። ብሪጅ ከማዘዝህ በፊት ፊት ለፊት ያሉትን ስድስት ብሎኖች ተመልከት። ከመጀመሪያው ብሎን መሃል እስከ መጨረሻው ብሎን መሃል ለካ። 56 ሚ.ሜ ገደማ ከሆነ የአሜሪካው ልክ ነው። 52.5 ከሆነ የእስያው ነው። አንዱ በሌላው ቀዳዳ አይገባም። ቀጥሎ የቦዲውን ውፍረት ለካ። ሙሉ ስትራት 44 ሚ.ሜ ተኩል ያህል ነው። ያንተዋ 40 ከሆነች የሙሉው ብሪጅ ብረት ከኋላ ወጥቶ ክዳኑን አያስዘጋህም።

ፖት ላይም እንዲሁ። ትልቁ የአሜሪካ ፖት 9.5 ሚ.ሜ ቀዳዳ ይፈልጋል፤ ርካሽ ጊታር ላይ ያለው ትንሹ ፖት 7 ወይም 8 ላይ ይቀመጣል። ፒክጋርዱን ማስፋት ቀላል ነው፣ በክብ ሞረድ ቀስ እያልክ። ማዞሪያዎቹ ግን ላይሆኑ ይችላሉ፤ የጥርሳቸው ቁጥር ይለያያል፣ የእስያው 18 ሲሆን የአሜሪካው 24 ነው። ማዞሪያም አብረህ እዘዝ። መቃኛ የምትቀይር ከሆነ ቀዳዳውን ለካ፦ ዘመናዊው 10 ሚ.ሜ ነው፣ የድሮው ዓይነት ከ9 በታች።

ካውያ ግን ከዚያ አታስመጣ። የእነሱ 120 ቮልት ነው፤ እዚህ 220 ላይ ስትሰካው ፋኖስ ይሆንልሃል። እዚሁ ግዛ።

የጣና ዳር ልጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ለካሁ። አንገቱ ጋ ያለው 5.9፣ መሃሉ 6.1፣ ብሪጁ ጋ ያለው «1» ብሎ ቀረ። ክሩን ስነካ ጩኸቱ ይቀንሳል። ስዞርም ከፍ ዝቅ ይላል። የብሪጁ ብሎኖች 52.5፣ ቦዲው 40 ሚ.ሜ፣ የፖቱ ቀዳዳ 7።

ጋሼ፣ እርሳሱንም ሞላውንም ሞከርኩት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጫውቼ አንድ ክር ብቻ ነው ትንሽ የወረደው። ብሪጅና መቃኛ ማዘዙን ትቻለሁ።

አንድ ጥያቄ፦ ሀምበከር ካስገባሁ ፖቱ 500 ኪሎ ኦም መሆን አለበት ይላሉ። እውነት ነው? የሽቦው ቀለም ብዛትም ግራ ገባኝ፤ አምስት ሽቦ አለው አሉኝ።

የፖሊው፦

ቁጥሮችህ ግልጽ ናቸው። የብሪጁ ፒክአፕ ሞቷል፣ ሁለቱ ጤነኛ ናቸው። ጤነኛውን አትቀይር።

500 ኪሎ ለሀምበከር የተለመደ ነው፣ 250 ለሲንግል ኮይል። ያንተዋ ሁለት ሲንግልና አንድ ሀምበከር ልትሆን ነው። ቮልዩሙ 500 ከሆነ ሁለቱ ሲንግሎች ጆሮ ይወጋሉ። 250 ላይ ተው። ሀምበከሩ ትንሽ ይለሰልሳል፤ የብሪጅ ፒክአፕ ስለሆነ እንዲያውም ደግ ነው።

ሀምበከር ሁለት ጥቅል ነው፣ አንዱ የሌላው ግልባጭ። ሴዝ ላቨር ጊብሰን ቤት ሆኖ በ1955 ያወጣው ብልሃት ነው። ከውጭ የሚመጣው ጩኸት ሁለቱ ላይ ተቃራኒ ሆኖ ይጠፋፋል፣ የክሩ ድምፅ ግን ይደመራል። የሽቦው ብዛትም ከዚህ ነው፦ ለእያንዳንዱ ጥቅል ሁለት ሁለት፣ አምስተኛው ራቁቱን ያለው ሽፋን።

ቀለሙ እንደ አምራቹ ይለያያል። ሲሞር ዳንከን ከሆነ ጥቁሩ ወደ ስዊቹ ይሄዳል፤ ነጭና ቀዩ እርስ በርስ ተበይደው በቴፕ ይሸፈናሉ፤ አረንጓዴውና ራቁቱ ግራውንድ ላይ። ዲማርዚዮ ከሆነ ቀዩ ወደ ስዊች፣ ጥቁርና ነጩ አንድ ላይ፣ አረንጓዴውና ራቁቱ ግራውንድ። የአንዱን ሥዕል ይዘህ የሌላውን አትበይድ። ሁሉም ካለቀ በኋላ ብሪጁና መሃሉ አብረው ሲሠሩ ድምፁ ቀጥኖ በአፍንጫው የሚያወራ ከመሰለህ ተቃርነዋል። ዳንከን ላይ ጥቁሩንና አረንጓዴውን አቀያይር፣ ራቁቱን ግን ከግራውንድ አታንሳው።

ሚክሰር ላይ ያለችው፦

የሞባይል ጥገና ካውያ ጫፉ መርፌ ነው፣ ለዚህ አይሆንም። የፖቱ ጀርባ ሙቀቱን ይጠጣዋል። ከ40 እስከ 60 ዋት፣ ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ ፈልግ። የፖቱን ጀርባ መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው፣ ነጭ እስኪል። ካውያውን ብረቱ ላይ አሳርፍ እንጂ ሊዱ (የሚቀልጠው መበየጃ ሽቦ) ላይ አይደለም። ብረቱ ሲሞቅ ሊዱን አስጠጋው፤ ውሃ መስሎ ከተዘረጋ ያዘ። ድብልብል ብሎ ከተቀመጠ አልያዘም፤ ሲነካ ይነሳል። ሽቦው ላይ ሊድ አስቀድመህ አስነካው፣ ከዚያ ሁለቱን ስታገናኝ ሦስት አራት ሰከንድ አይፈጅም። ካውያውን እዚያ ላይ ረስተህ ካወራህ ፖቱ ውስጡ ይቃጠላል።

ከመንቀልህ በፊት ደግሞ በስልክህ ፎቶ አንሳው፣ ከሁለት አቅጣጫ።

የጣና ዳር ልጅ፦

ከኋላ ሞላዎቹ የታሰሩበት ብረት ላይ አንድ ጥቁር ሽቦ ተበይዷል። እሱንም ልቀይረው?

የፖሊው፦

እሱ የክሩ ግራውንድ ነው። ክሩን ስትነካ ጩኸቱ ይቀንሳል ብለሃል፣ ስለዚህ ይሠራል። አትንካው። ያ ብረት ወፍራም ስለሆነ አንዴ ካለቀቀ መልሶ ለማያያዝ ትቸገራለህ።

የጣና ዳር ልጅ፦

እሺ። ለአክስቴ ልጅ የምልከው ይሄ ነው፦ አንድ በሲንግል መጠን የሆነ የብሪጅ ሀምበከር ባለ አራት ሽቦ (ራቁቱን ሳይቆጥር)፣ ሦስት 250 ኪሎ ትንንሽ ፖት በ7 ሚ.ሜ ቀዳዳ የሚገቡ፣ አንድ ባለ አምስት ቦታ ስዊች፣ አንድ ጃክ፣ መዳብ ቴፕ። የቀረ አለ?

የልኬት ሰው፦

ቴፑ ማጣበቂያው ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ይሁን፤ አለበለዚያ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ልትበይድ ነው። ስዊቹን ከማዘዝህ በፊት ደግሞ ከፒክጋርዱ በታች ያለውን ጥልቀት ለካ። ቀጭን ቦዲ ላይ ታችኛው ክፍል እንጨቱን ሊነካ ይችላል።

የድሮ ሊድ ጊታር፦

ክር ረሳህ። ከ010 (ቀጭኑ ክር 0.010 ኢንች) የሚጀምረውን ሦስት ስብስብ ጨምርበት።