የሌድ ዜፕሊን ሣጥን፦ የተለያዩትን ዘፈኖች እንዴት ላገናኛቸው?

ጤና ይስጥልኝ። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የእንግሊዙ የሮክ ባንድ የሌድ ዜፕሊን ባለ አራት ሲዲ ሣጥንም፣ በ1993 የተከተለው ባለ ሁለት ሲዲም አሉኝ። ሁለቱ አንድ ላይ የዘጠኙን የስቱዲዮ አልበሞች ዘፈኖች ይይዛሉ፤ ነገር ግን ጊታሪስቱ ጂሚ ፔጅ ያሰለፋቸው እንደ ራሱ ምርጫ እንጂ በአልበም ቅደም ተከተል አይደለም። እኔ ከ1969 ጀምሮ በወጡበት መልክ መስማት ስለምፈልግ ሁሉንም ወደ ኮምፒውተር ገልብጬ በየአልበማቸው እየደረደርሁ ነው። (ፔጅ ሁለት የባንዱን ከበሮ መቺ የጆን ቦናምን የከበሮ ሥራዎች አዋሕዶ የሠራውን ግን ለብቻው አስቀምጬዋለሁ፤ የየትኛውም አልበም ልጅ አይደለም።)

የተቸገርሁት ሁለተኛው አልበም ላይ ነው። «ሃርትብሬከር» ድንገት ተቆርጦ፣ ትንፋሽ እንኳ ሳይሰጥ ወደ «ሊቪንግ ላቪንግ ሜድ» መግባት አለበት። ለእኔ የዚያ አልበም ግማሽ ውበቱ እዚያች መገናኛ ላይ ነው። አንደኛው ዘፈን የሚገኘው በ1990 ሣጥን፣ ሌላው በ1993 ስለሆነ ግን ሳገናኛቸው በመካከል ዝምታ ይገባል። ማጫወቻ ፕሮግራሙን ያለ ክፍተት እንዲያጫውት አዝዤዋለሁ፤ ለውጥ የለም። ዝምታው ፋይሉ ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ፦ ዝምታውን ቆርጬ ባወጣው የድምፁ ጥራት ይጎዳል? ፋይሎቹ ፍላክ (ጥራት ሳይቀንስ ድምፅን የሚያሳንስ የፋይል ዓይነት) ናቸው። ወይስ አልበሙን ለብቻው ከመግዛት ሌላ መፍትሔ የለም?