ራይዘን 5 3600ን ኦቨርክሎክ ላድርገው ወይስ ሌላ ዕቃ ልግዛ?

ናቲ_ኤዲት፦

ሰላም ለሁላችሁ። የሠርግና የማስታወቂያ ቪዲዮ ኤዲት የማደርግበት፣ ማታ ማታም ጌም የምጫወትበት ማሽን አለኝ። ራይዘን 5 3600 ፕሮሰሰር ከካርቶኑ ጋር ከመጣው ፋን ጋር፣ ኤምኤስአይ ቢ450 ቶማሃውክ ማክስ ማዘርቦርድ፣ 3200 የሚል ባለ 8 ጊጋ ራም ሁለት፣ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ግራፊክስ ካርድ፣ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ። ኤክስፖርት ሳደርግ ፕሮሰሰሩ 90 ዲግሪ ይደርሳል፣ ፍጥነቱም ከ3.8 ጊጋኸርዝ አያልፍም። የሶኒ ካሜራ ፋይል፣ ያ 4:2:2 (ከተራው 4:2:0 ይበልጥ የቀለም መረጃ የሚይዘው) ባለ 10 ቢቱ ኤች.265፣ ታይምላይን ላይ ስጎትተው ይንተፋተፋል። ታስክ ማናጀር ላይ የራሙ ፍጥነት 2133 ይላል። ዩቲዩብ ላይ 3600ን ኦቨርክሎክ አድርገው፣ ማለትም ፍጥነቱን ከፋብሪካው ልክ በላይ ከፍ አድርገው፣ በ1.4 ቮልት 4.4 ጊጋኸርዝ ሲያደርሱት አይቻለሁ። እኔም ልሞክረው ወይስ ገንዘቤን ሌላ ነገር ላይ ላውለው? በቅርቡ ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ስላለ ቀለል ያለ ዕቃ ማስመጣት እችላለሁ። አዲስ አበባ ነኝ።

ባለስክሩ፦

ናቲ፣ 1.4 ቮልቱን ተወው። ባዮሱ (የማዘርቦርዱ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር) አውቶ ላይ እያለ 1.4 ገደማ ብታይ አትደንግጥ፤ ያ አንድ ሁለት ኮር ለአፍታ ሲፈጥኑ ነው፣ ጭነቱ ሲከብድ ፕሮሰሰሩ ራሱ ይቀንሰዋል። በእጅህ 1.4 ብለህ ስትቆልፈው ግን ስድስቱም ኮር ኤክስፖርት እያደረጉ፣ በ90 ዲግሪ ሙቀት፣ ያንኑ ቮልት ይሸከማሉ። ቺፑ ወዲያው አይቃጠልም። ቀስ በቀስ ይዳከምና ዛሬ 4.3 ላይ የቆመው ከወራት በኋላ 4.2 ላይም ሰማያዊ ስክሪን ማሳየት ይጀምራል።

መጀመሪያ የሙቀቱን ነገር እንጨርስ። የ3600 ጣሪያ 95 ዲግሪ ነው፤ ስለዚህ አሁንም ቢሆን ጣሪያው ሥር ነህ። ካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ስቴልዝ የሚባለው ኩለር ሂትፓይፕ (ሙቀት የሚያጓጉዝ ቱቦ) የሌለው፣ አጭር አሉሚኒየም ነው። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ስለሆነች አየሩ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ በደቂቃ የሚገፋው የአየር መጠን ያው ሆኖ፣ ሙቀቱን ተሸክሞ የሚወጣው አየር ክብደቱ ያንሳል። ዝቅተኛ ቦታ ላይ በተሠራ ሪቪው ያየኸውን ዲግሪ እዚህ አትጠብቅ፤ የክፍሉ ሙቀት እኩል ቢሆን እንኳ ከፍ ይላል። ኩለር ስትመርጥ ለፕሮሰሰርህ ይበቃል ከሚሉት አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ውሰድ።

ማሽኑን ከሶኬት ንቀል፣ ፋኑን በጣትህ ያዝና በሂትሲንኩ ክንፎች መሃል ያለውን አቧራ በብሩሽ አውጣ። ፋኑን ሳትይዝ በኮምፕሬሰር አትንፋው፤ ከልክ በላይ ይሽከረከርና ቤሪንጉ ይበላሻል። በፕሮሰሰሩና በኩለሩ መሃል ያለው ቴርማል ፔስት ዓመታት ካስቆጠረ ደርቋል፤ በአይሶፕሮፒል አልኮል ጠርገህ ፕሮሰሰሩ መሃል ላይ የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ አድርግ። ከዚያ በኋላም 85 ካለፈ፣ አራት ሂትፓይፕና የ120 ሚሊሜትር ፋን ያለው ታወር ኩለር ግዛ። አብዛኞቹ ከፍታቸው ከ150 እስከ 160 ሚሊሜትር ስለሆነ ከመግዛትህ በፊት ከማዘርቦርዱ እስከ ኬዙ ክዳን ያለውን ለካ። ኬዝህ ከፊት አየር የሚያስገባ ፋን ከሌለው እሱም ይግባ፤ ያለበለዚያ ኩለሩ ያንኑ የሞቀ አየር እያዞረ ይውላል።

ሳሚ_ክሎክ፦

ባለስክሩ ባለው ላይ ልጨምር። 2133 የሚለው ትልቁ ኪሳራህ ነው። ራሙ 3200 ቢልም ባዮስ ውስጥ ካልነገርከው በጄዴክ (በመደበኛው ዝቅተኛ) ፍጥነት ነው የሚነሳው። ማሽኑ ሲነሳ ዲሊት እየነካህ ባዮስ ግባና ኤ-ኤክስኤምፒ የሚለውን (ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያስነሳውን) ፕሮፋይል 1 አድርገው። የራሙ ቮልት 1.35፣ ኤፍክሎኩ (የኢንፊኒቲ ፋብሪክ ፍጥነት) ደግሞ 1600 መሆኑን አይተህ ኤፍ10 ተጭነህ ሴቭ አድርግ። በራይዘን 3000 ኮሮቹን የሚያገናኘው ኢንፊኒቲ ፋብሪክ ከራሙ ጋር እኩል ስለሚሄድ ራሙ በዘገየ ቁጥር ሁሉም ይዘገያል፤ ጌም ላይ ወዲያው ታየዋለህ። ራሞቹ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ስሎት ላይ መሆናቸውን ደግመህ አረጋግጥ።

ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ከቀረ ዝም ብለህ ጠብቅ፤ ቦርዱ ጥቂት ጊዜ ሞክሮ ወደ ድሮው ይመለሳል። ካልተመለሰ ኮረንቲውን ነቅለህ የሲአር2032 ባትሪዋን ለጥቂት ደቂቃ አውጣት። ተነስቶ ዊንዶውስ ከገባ በኋላ ግን ሥራ እንዳትጀምርበት። ሜምቴስት86 የሚባለውን የራም መፈተሻ ፍላሽ ላይ ጭነህ አራት ዙር አስኪደው። አንድ ስህተት እንኳ ከታየ ፍጥነቱን 3000 አድርግ። ትንሽ የሳተ ራም ማሽኑን ላያጠፋው ይችላል፣ ግን የፕሮጀክት ፋይል እያበላሸ ሴቭ ያደርጋል፤ የሙሽሮች ቪዲዮ ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ኦቨርክሎኩን በተመለከተ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። 3600 በደንብ ከቀዘቀዘ ያለ ምንም ንክኪ በሁሉም ኮር 4.0 ጊጋኸርዝ ገደማ ይሠራል። በእጅ 4.2 ብታደርሰው 5 ፐርሰንት ነው። 40 ደቂቃ የሚፈጅ ኤክስፖርት 38 ይሆናል ማለት ነው፣ ያውም ቢበዛ። ካንተ 3.8 ተነስቶ 4.0 መድረስ ደግሞ ያንኑ ያህል ነው፣ እሱን ግን ኩለሩ ብቻ ይሰጥሃል፣ ያለ ሥጋት።

ልሞክረው ካልክ ኩለሩ ከገባ በኋላ ሬሾውን 41 (4.1 ጊጋኸርዝ)፣ ቮልቱን 1.25 አድርገህ ጀምር። ሲኒቤንች አር23 የሚባለውን የፕሮሰሰር መፈተሻ ለ30 ደቂቃ አስኪድ፤ ካለፈ 25 ሜጋኸርዝ ጨምር፣ ከወደቀ ቮልቱን በ0.0125 ከፍ አድርግ። 1.3 ላይ ቁም። ሲኒቤንች ማለፍ ብቻውን ግን ዋስትና አይደለም። በሌላ መፈተሻ፣ በኦሲሲቲ፣ አንድ ሰዓት አስኪደውና ኢቨንት ቪውወር (የዊንዶውስ መዝገብ) ውስጥ ዊያ-ሎገር የሚል የሃርድዌር ስህተት ማስጠንቀቂያ ፈልግ፤ ካለ፣ ማሽኑ ባይጠፋም እየሳተ ነው።

ኮለሪስቷ፦

ናቲ፣ የሶኒው መንተፋተፍ ከኦቨርክሎክም ከራምም ጋር ብዙ አይገናኝም። 1660 ሱፐር ተራውን 4:2:0 ፋይል በሃርድዌር ይፈታል (ዲኮድ ያደርጋል)፤ 4:2:2ን ግን አይፈታም። ሥራው በሙሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል፣ የ3600 ስድስት ኮር ደግሞ 4ኬ 4:2:2ን በቅጽበት መፍታት ይከብደዋል። 4.4 ብታደርሰውም ይንተፋተፋል። አርቲኤክስ 3060ም፣ 4070ም ይሄን ፎርማት አይፈቱም፤ ኤንቪዲያ ያስገባው በ50 ሲሪየስ ነው። ስለዚህ ለዚህ ብለህ የቆየ ግራፊክስ ካርድ እንዳትገዛ።

ችግሩ በነጻ የሚፈታው በፕሮክሲ፣ ማለትም ለኤዲት ብቻ የሚያገለግል ቀላል ቅጂ በመሥራት ነው። ፋይሉን እንዳስገባህ ወደ 1080 ፕሮሬዝ ፕሮክሲ ወይም ዲኤንኤክስኤችአር ኤልቢ ፎርማት ቀይረው። ምሳ ስትወጣ ጀምረህ ብትሄድ ስትመለስ አልቆ ይጠብቅሃል። ኤዲቱን በፕሮክሲ ሠርተህ ኤክስፖርት ስታደርግ ኦሪጅናሉ ይመለሳል። ፕሮክሲው ቦታ ስለሚበላ ከሲስተም ድራይቩ ውጭ ለብቻው ኤስኤስዲ ይኑረው፤ በውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ ካደረግከው ችግሩን ወደ ዲስኩ አዛወርከው እንጂ አልፈታኸውም።

ናቲ_ኤዲት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ነው የገባኝ። ኤክስኤምፒውን ዛሬ አበራዋለሁ። ሰውዬው ከአሜሪካ ሲመጣ ግን አንድ ነገር ባስመጣ ምን ይሁን? ጓደኞቼ 5700ኤክስ3ዲ ፕሮሰሰር ይሉኛል። ወይስ ሙሉ በሙሉ ወደ አዲሱ ሶኬት፣ ወደ ኤኤም5፣ ልሂድ?

ሳሚ_ክሎክ፦

ኤኤም5 ማለት ፕሮሰሰር፣ ማዘርቦርድና ዲዲአር5 ራም በአንድ ጊዜ መቀየር ነው። ያለህ ቦርድ ራይዘን 5000ን ስለሚቀበል አሁን አያስፈልግህም። 5700ኤክስ3ዲ 96 ሜጋባይት ኤል3 ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ሜሞሪ) አለው፣ ለጌም በጣም ጥሩ ነው። ኤክስፖርት ግን ካሹን እምብዛም አይጠቀምበትም፣ ፍጥነቱም እስከ 4.1 ብቻ ነው። ዋና ሥራህ ቪዲዮ ከሆነ 5700ኤክስን አስመጣ፦ ስምንት ኮር፣ እስከ 4.6 ጊጋኸርዝ፣ የኃይል ጣሪያውም 76 ዋት ነው፤ የ3600 ግን 88 ነበር። ፋን አብሮት እንደማይመጣ አትርሳ። ቀጥሎ የሚገዛው ራም ነው፦ ባለ 16 ሁለት፣ በአንድ ካርቶን የመጣ። አሁን ካሉህ ጋር አትቀላቅላቸው፤ አራት ራም 3200 ላይ ማቆም ለዚህ ቦርድ ይከብደዋል።

5700ኤክስ ላይ ኦቨርክሎክ ካማረህ ቮልት ከመጨመር ይልቅ በከርቭ ኦፕቲማይዘር (ባዮስ ውስጥ የኮሮቹን ቮልት በሚያስተካክለው) ቀንስ። ሁሉንም ኮር ኔጌቲቭ 15 አድርግና ኮሮቹን በየተራ የሚፈትነውን ኮርሳይክለርን ሌሊቱን አስኪድ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከባድ ጭነት ካለፈ አበቃ ብሎ ነው። የተቀነሰ ከርቭ ማሽኑ ሥራ ፈቶ በተቀመጠበት ነው የሚወድቀው፣ ምክንያቱም ያኔ አንድ ኮር ብቻውን በዝቅተኛ ቮልት ወደ ላይ ይዘላል። ብራውዘር ከፍተህ እያነበብክ ሪስታርት ካደረገ ጥፋቱን እዚያ ፈልግ።

ባለስክሩ፦

ፕሮሰሰሩ ከመግባቱ በፊት ባዮሱ መታደስ አለበት። እዚህ ላይ ትልቁ ሥጋት መብራት ነው፤ በመሃል ከጠፋ ቦርዱ ሊሞት ይችላል። ዩፒኤስ ላይ ሰካው። ቶማሃውክ ማክስ ከኋላው ፍላሽ ባዮስ የሚል ቁልፍ ስላለው ነገሩ ተበላሽቶ እንኳ ማዳን ይቻላል፦ ፍላሹን ፋት32 ፎርማት አድርገህ ፋይሉን ኤምኤስአይ ነጥብ ሮም ብለህ ሰይመው፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ማለት ነው፣ ምልክት ባለበት ዩኤስቢ ላይ ሰክተህ ማሽኑ እንደጠፋ ቁልፏን ተጫን። መብራቷ ብልጭ ድርግም ማለቷን እስክታቆም አትንካው። ባዮስ ሲታደስ ኤክስኤምፒው ስለሚጠፋ እንደገና ታበራዋለህ። ዊንዶውስህ ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው) ከበራበት ደግሞ ፕሮሰሰሩን ከመቀየርህ በፊት ሰስፔንድ አድርገውና ሪከቨሪ ኪውን ወረቀት ላይ ጻፈው፤ አዲሱ ፕሮሰሰር ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቅህ እሱን ነው።

የድሮውን ኩለር ስታወጣ ተጠንቀቅ። በኤኤም4፣ ባንተ ቦርድ ሶኬት፣ ፒኖቹ ፕሮሰሰሩ ላይ ናቸው፣ የደረቀ ፔስት ደግሞ ይጣበቃል። ቀጥ አድርገህ ወደ ላይ ከሳብከው ፕሮሰሰሩ ከተቆለፈ ሶኬት ጋር እየታገለ ይወጣል፣ ፒንም ይታጠፋል። ማሽኑን አሥር ደቂቃ በጭነት አሙቀው፣ አጥፍተህ ንቀል፣ አራቱን ብሎኖች በሰያፍ እያቀያየርክ ፍታ፣ ከዚያ ኩለሩን ግራ ቀኝ እያዞርክ እስኪላቀቅ ታገሥ። ብሎኖቹ ሲፈቱ ከቦርዱ ጀርባ ያለው ብረት የሚይዘው ስለሌለ ይወድቃል፤ ኬዙን አስተኝተህ ሥራ። ስቴልዝ ሲገጠም የተነሱት ሁለቱ ጥቁር ፕላስቲኮች በማዘርቦርዱ ካርቶን ውስጥ መኖራቸውንም አሁኑኑ እይ። አንዳንድ ታወር ኩለር የሚነክሰው እነሱን ነው፤ ከሌሉህ የራሱን መያዣ ይዞ የሚመጣ ኩለር ምረጥ።

ዘመድህ ፕሮሰሰሩን ከነፕላስቲክ መያዣው በእጅ ሻንጣ ይያዘው። ፓወር ሰፕላይ ለማምጣት ካሰበ ግን ሌብሉ ላይ 100-240 ቮልት የሚል ብቻ ይግዛ።