የእናቴ የዓይን ምርመራ ሁለት የተለያየ ነገር ይናገራል፤ የቱን ልከተል?

ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እናቴ አልጋ ላይ ወደ ቀኝ ስትገላበጥ ቤቱ ይዞርባታል፤ ፍራሹን በሁለት እጇ ጨብጣ «ያዙኝ!» ትላለች። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ይለቃታል። ጎረቤት ሁሉ የደም ማነስ ነው ይላል (ለነገሩ ጎረቤት የማያውቀው በሽታ የለም)፤ እኔ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት።

ካሜራ ያለው መነጽር አድርገውላት የዓይኗን እንቅስቃሴ ቀረጹ። ጭንቅላቷን ወደ ቀኝ አዙረው በጀርባዋ ሲያስተኟት፣ ጥቂት ሰከንዶች ቆይቶ ዓይኗ እየተሽከረከረ ወደ ላይ ይመታል (ማለትም ሳታዝዘው በፍጥነት ደጋግሞ ይዘላል)፤ ከዚያ ይቆማል። ይህ የውስጥ ጆሮ ጠጠር ከቦታው የመንሸራተቱ ምልክት ነው። ሕክምናውም ኤፕሌይ የሚባለው፣ ጭንቅላትን በቅደም ተከተል የማዞር ዘዴ ነው። እዚህ ድረስ ገብቶኛል።

ያስጨነቀኝ የውጤቱ ሁለተኛ መስመር ነው። ተቀምጣ ወደ ጎን ስትመለከት ዓይኗ ወደ ታች ይመታል፣ አንድ ነጥብ ላይ ብታተኩርም አይቀንስም ይላል። ከጆሮ የሚመጣው እንዲህ ያለ ምት ዓይን ሲያተኩር ይቀንሳል፤ ይህ ግን ካልቀነሰ ምንጩ ከአንጎል፣ በተለይ ሚዛንን ከሚቆጣጠረው የኋላ ክፍሉ (ሴሬብለም) ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ስለዚህ መስመር አንድም ቃል ሳይተነፍስ የራስ ማዞር ማስታገሻ ክኒን ጽፎ ሸኘን።

የነርቭ ወይም የጆሮ ሐኪሞች ካላችሁ እርዱኝ። ኤም አር አይ ሳትነሣ ኤፕሌይ ቢሠራላት ጉዳት አለው? አንገቷን ስለሚያማት ወደ ኋላ ማንጋለሉንም ፈርቻለሁ፤ ለእንዲህ ያለ ሰው የሚስማማ ሌላ ዘዴ አለ? የተቀረጸውን ቪዲዮ ራሱን ስጡን ብንልስ ይሰጡናል? እስካሁን አስተያየት የሰጠን ሁሉ ያየው ወረቀቱን ብቻ ነው።