በ1960ዎቹ የቤዝቦል ሲሙሌሽን ታዳጊ ወርዋሪን በምን እንመዝን?

ጠያቂ፦ የኮዬው

ሰላም ለሁላችሁ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከጎረቤቶቼ ጋር እ.ኤ.አ. ከ1966 የሚጀምር የቤዝቦል ሊግ በኮምፒውተር እየተጫወትን ነው። የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ በ40 ሰው ዝርዝር ያላስገባነውን ታዳጊ ሌላው ክለብ ሊወስድብን ይችላል፤ ለእኔ ደግሞ የቀረኝ አንድ ቦታ ብቻ ነው። አንደኛው ዕጩ ወርዋሪ በኤ ሊግ (ከዋናው ሊግ በታች ያሉት ደረጃዎች ከታች ወደ ላይ ኤ፣ ደብል ኤ፣ ትሪፕል ኤ ናቸው) የሚጫወት የ19 ዓመት ልጅ ሲሆን፣ በ9 ኢኒንግ (በአንድ ሙሉ ጨዋታ ዙሮች) በአማካይ 11 መቺዎችን በስትራይክአውት፣ ማለትም ኳሱን በሚገባ ሳይመቱ ያስወጣል፤ ነገር ግን ሌሎች 7 መቺዎችን በዎክ በነጻ ወደ አንደኛ ቤዝ ያሳልፋል። ሁለተኛው የ24 ዓመት ነው፤ በትሪፕል ኤ 5 ስትራይክአውትና 2 ዎክ አለው። የጨዋታው ስካውት (የተጫዋቾች ገምጋሚ) ልጁን እጅግ ያደንቀዋል። ስካውቱን ልመን ወይስ የዎኩን ቁጥር?

መልስ፦ ከለገጣፎ

ታሪኩ ራሱ ሁለት ምስክሮች አሉት። ወርዋሪው ኖላን ራያን በ1966 በታችኛው ሊግ ቡድን በግሪንቪል በ183 ኢኒንግ 272 ስትራይክአውትና 127 ዎክ አስመዝግቦ፣ በዚያው ዓመት በ19 ዓመቱ ዋናው ሊግ ደረሰ። ሌላው ወርዋሪ ስቲቭ ዳልኮውስኪ ደግሞ በ1960 በሌላ የታችኛው ሊግ ቡድን፣ በስቶክተን በ170 ኢኒንግ 262 ስትራይክአውትና ልክ ያንኑ ያህል፣ 262 ዎክ ነበረው፤ ዋናውን ሊግም ሳያይ ቀረ። የሁለቱ የስትራይክአውት መጠን ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ፣ በ9 ኢኒንግ ሲሰላ የራያን ዎክ 6 አካባቢ፣ የዳልኮውስኪ ወደ 14 ነው። የእርስዎ ልጅ ለራያን ስለሚቀርብ 7 ዎክ ብቻውን አያስጥለውም። ራያን ራሱ እስከ መጨረሻው ዎክ ያበዛ ነበር፤ በዋናው ሊግ የ2,795 ዎክም የ5,714 ስትራይክአውትም ክብረ ወሰን የእሱ ነው።

መልስ፦ ከገላን

በዚህ እስማማለሁ፤ ሆኖም የትኛውም ቁጥር ከየሊጉና ከየዓመቱ አማካይ ጋር ካልተነጻጸረ ያሳስታል። በ1968 የዋናው ሊግ አማካይ ኢአርኤ (በ9 ኢኒንግ በወርዋሪው ላይ የሚቆጠር ነጥብ፤ ሲያንስ ይሻላል) 2.98 ነበርና፣ በዚያ ዓመት 3.00 ያመጣ ወርዋሪ ተራ ወርዋሪ ነው። በ1969 የመወርወሪያው ጉብታ ከ15 ወደ 10 ኢንች ዝቅ ብሎ የስትራይኩ ክልልም (ውርወራው ትክክለኛ የሚባልበት ቦታ) ሲጠብ፣ አማካዩ ከ3.50 በላይ ወጣ፤ ያው 3.00 ጥሩ ውጤት ሆነ። የእርስዎ ጨዋታ የየዓመቱን ሁኔታ የሚከተል ከሆነ ይህ ለውጥ ከፊትዎ ነው፤ ክልሉ ሲጠብም ይበልጥ የሚጎዳው ኳሱን መቆጣጠር ያልቻለው ወርዋሪ ነው። ስካውቱ የሚሰጠው ግምት ነው፤ ስለዚህ የልጁን ዎክ በየወሩ ከፍለው ይመልከቱ። ሦስተኛ የውርወራ ዓይነት ከሌለውም፣ ቁጥሩ የቱንም ያህል ቢያምር ጨዋታውን ከመጀመሪያው ኢኒንግ አንሥቶ የሚወረውር ሆኖ መዝለቁ ያጠራጥራል።

ጠያቂ፦ የኮዬው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከፍዬ አየሁት፤ በመጀመሪያው ወር 9 የነበረው ዎክ እየቀነሰ በመጨረሻው ወር 5 ደርሷል። ሦስተኛ ውርወራም አለው፤ ደካማ ነው እንጂ።

መልስ፦ ከሰበታ

እንግዲያው ልጁን ይያዙት። በ24 ዓመቱ 5 ስትራይክአውት ያለውን ወርዋሪ የሚመስል በየክረምቱ የተጫዋቾች ገበያ ይገኛል። ልጁን ግን ዘንድሮ ወደ ዋናው ቡድን አያሳድጉት፤ ከኤ ወደ ደብል ኤ ብቻ ያሻግሩት፤ የሚወረውረውንም ኢኒንግ ይገድቡለት። ዳልኮውስኪ በ1962 በታችኛው ሊግ ቡድን በኤልማይራ ዎኩን በብዙ ቀንሶ ነበር፤ ዋናው ሊግ ደጃፍ ላይ ሲደርስ፣ በ1963 ክንዱ ተጎዳ።