የሚያዝያ 7 የጋራ መታሰቢያ፦ የሊቨርፑልና የማንቼ (ማንቸስተር ዩናይትድ) ደጋፊዎች ረቂቅ ዕቅድ

ሰብሳቢ (ሊቨርፑል)፦ ረቂቁ ይኸው፤ ቀንሱም ጨምሩም። በ1989 (እ.ኤ.አ.) ለ97 የሊቨርፑል ደጋፊዎች ሞት ምክንያት በሆነው የእንግሊዙ ሂልስቦሮ ስታዲየም የመጨፍለቅ አደጋ ጨዋታው የተቋረጠው በእነሱ ሰዓት ከቀኑ 3፡06 ነው፤ በእኛ 11፡06። እንግሊዝ በሚያዝያ የበጋ ሰዓት ላይ ስለሆነች ልዩነቱ 2 ሰዓት ነው፤ እንደ ክረምታቸው 3 ብሎ ያሰላ አንድ ሰዓት ይስታል። የኅሊና ጸሎቱ ልክ 11፡06 ይጀመር። የ97ቱ ስም ከ10፡55 ጀምሮ ይነበብ፤ ለአንድ ስም 5 ሰከንድ ቢያዝ 8 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ከየማኅበሩ አንድ አንድ አንባቢ ይፈራረቁ፤ ስሞቹ በፊደላችን ተጽፈው ቀድመው ይለማመዷቸው። አንባቢው ከተደናቀፈ ሳቅ ይነሳል።

ተወካይ (ማንቼ)፦ እንስማማለን። የእኛ ተጫዋቾች የሞቱበትን የሙኒክ የአውሮፕላን አደጋ ግን አብረን አንደባልቅ፤ በመታሰቢያው ቀን ጥር 29 እናንተ ወደ እኛ ኑ። በሁለቱም አደጋ የሚያላግጥ ዝማሬ ያሰማን ሰው የገዛ ማኅበሩ ይቅጣው፤ ሌላው ከቀጣው ብሽሽቅ ይሆናል።

የበር አስተባባሪ፦ ሂልስቦሮ ላይ የውጭው በር ሲከፈት ሕዝቡ በዋሻው መተላለፊያ በኩል ቀድሞ ወደ ሞሉት 3ኛና 4ኛ የቆመ ተመልካች ክፍሎች ነጎደ፤ የጎኖቹ ክፍሎች ቦታ ነበራቸው። ወደዚያ የሚመራ ሰው አልነበረም፣ ከፊት ደግሞ አጥር ነው፤ የኋላው ሰው የፊቱን አያይም። እኛም አዳራሹ 200 ወንበር ካለው 180 ካርድ ብቻ እናድል። ሁለቱም በሮች ክፍት ይሁኑ፣ በየበሩ ሁለት ሰው ይቁም። ከ11፡00 በኋላ የመጣ ወደ ግቢው ይመራ፣ ድምፅ ማጉያ እዚያም ይተከል። በር መቆለፍ የሚባል ነገር አይታሰብ! ዲኮደሩም ይጥፋ፤ የጨዋታ ዘገባ መሃል ገብቶ ጸጥታውን ያበላሻል።

ዕቃ ያዥ፦ 97ቱ ጧፍ ውጭ፣ አሸዋ በሞላ ትሪ ላይ ይተከል። የስካርፉ ክር ፖሊስተር ነው፣ ለእሳት ቅርብ ነው። በ1989 የሊቨርፑልና የኤቨርተን ደጋፊዎች በስታንሊ ፓርክ በኩል ሁለቱን ስታዲየሞች በስካርፍ ሰንሰለት አገናኝተው ነበር። የእኛ ከአዳራሹ እስከ ግቢው በር 40 ሜትር ነው፤ 140 ሳንቲ ሜትር ያለው ስካርፍ ሲቋጠር 20 ያህሉ ስለሚበላ 34 ያስፈልገናል፣ ከየማኅበሩ 17። ቋጠሮው ስለሚንሸራተት በመርፌ ቁልፍ ይያዝ። ሁለታችንም ቀይ ነን፣ ከሩቅ ማን የማን እንደሆነ አይለይም፤ ይሻላልም።

ሰብሳቢ፦ ባነሩ ላይ የክለብ አርማ የሚለው ተሰርዟል፤ 97 ቁጥሩ ብቻ ይጻፍ። ስካርፍ ሰብሳቢዎች እስከ ሐሙስ ቁጥሩን አሳውቁ።