«ልምዱ ራሱ ደመወዝ ነው» ሲባል ያጨበጨባችሁ እስቲ ውጡ

የሲልቨር ስፕሪንግ አባት
ቅዳሜ የወላጆች ስብሰባ ላይ ያልነበራችሁ፣ ባጭሩ እንዲህ ነው። ከዲሲ አንድ የፖሊሲ ድርጅት (ለትርፍ ያልቆመ) ሰው መጣ። ለኮሌጅ ልጆች የክረምት ኢንተርንሺፕ (የሥራ ልምምድ) አለን አለ። ክፍሉ «የመንግሥት ጉዳዮች» ነው። 10 ሳምንት፣ በሳምንት 30 ሰዓት። ስንት ትከፍላላችሁ ብዬ ጠየቅኩ። ሰውየው ፈገግ አለና «ልምዱ ራሱ ደመወዝ ነው» አለኝ። እሱስ ይበል፣ ሥራው ነው። እኔን ያቃጠለኝ ጭብጨባው ነው። ምን አስጨበጨባችሁ?

ሂል ያሳደገኝ
እኔ አጨብጭቤያለሁ ጋሼ። እንዲህ ያለ ቦታ በነጻ ሠርቼ ነው ዛሬ እንጀራ የምበላው። ሂል ላይ (ኮንግረስ) ኮሚቴ ውስጥ ረቂቅ ሕግ አንቀጽ በአንቀጽ ሲታረም ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። አለቆቼ የሚያነቡትን የሂሪንግ (ኮሚቴው ምስክር የሚሰማበት ስብሰባ) ማስታወሻ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። የእንደራሴውን በር ስታንኳኳ የምታገኘው እንደራሴውን ሳይሆን የ25 ዓመት ወጣት ረዳቱን እንደሆነ፣ ወሳኙም እሱ እንደሆነ ማን ያስተምርሃል? የትኛው ክፍል ውስጥ?

አሌክሳንድሪያ ነኝ
እህቴ፣ ያኔ የት ነበር የምታድሪው?

ሂል ያሳደገኝ
እናቴ ቤት። ምነው?

አሌክሳንድሪያ ነኝ
በቃ፣ ደመወዝሽን እናትሽ ከፍለዋል። የኦሃዮ ልጅስ? እናቱ ዲሲ ቤት የሌላት?

ሁለት ሥራ
ልምዱ ደመወዝ ከሆነ በጥር ወር ለኢንተርኗ ደብልዩ ቱ (የዓመት ደመወዝ ማስረጃ) ይላኩላት። ታክስ እናስገባበት 😂

ሁለት ሥራ
ነገ ጃይንት ሄጄ እንቁላል ይዤ ካሸሯን «ልምድ አለኝ» ልላት ነው። ሜትሮ በር ላይም ልምዴን አስነካለሁ። ከፈተ ከፈተ።

የሲልቨር ስፕሪንግ አባት
ያልነገርኳችሁ አለ። የበተነው ወረቀት እጄ ላይ ነው። ድርጅቱ ከሚታገልላቸው ጉዳዮች አንዱ ምን ይላል? የፌደራሉን ዝቅተኛ ደመወዝ ማስጨመር! እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ 7.25 ዶላር ላይ የቆመውን። ልጄ ለሰው ደመወዝ ጭማሪ ስትጽፍ ትውላለች፣ የራሷ 7.25 እንኳ የላትም።

ፓርኪንግ 19 ዓመት
ቁጥር ልናገር። 10 ሳምንት በ30 ሰዓት 300 ሰዓት ነው። የዲሲ ዝቅተኛ ክፍያ በሐምሌ 2025 17.95 ዶላር ገብቷል። 5,385 ዶላር መጣ። እኔ ያን ገንዘብ የማገኘው የሰው መኪና እያቆምኩ ነው። ሰውየው በፈገግታ አለፈው።

ሕግ ተማሪ ነኝ
ስሜቱ ይገባኛል፣ ሕጉ ግን ከሰውየው ጋር ነው። ለትርፍ የሚሠራ ድርጅት ቢሆን ከሥራው ዋናው ተጠቃሚ ተማሪው ነው ወይስ ድርጅቱ ተብሎ ይመዘናል። የበጎ አድራጎት ድርጅት ላይ ግን የሠራተኛ መሥሪያ ቤቱ፣ ክፍያ ሳይጠብቅ በፈቃዱ የሚያገለግል ሰው በአብዛኛው ይፈቀዳል ይላል።

አሌክሳንድሪያ ነኝ
ማን ሕገወጥ ነው አለ? አሳፋሪ ነው ያልነው። ኮንግረስ እንኳ አፍሮ እ.ኤ.አ. በ2018 ለኢንተርን ክፍያ በጀት ያዘ። ለእያንዳንዱ የታችኛው ምክር ቤት ቢሮ በዓመት እስከ 20,000 ዶላር። ዋይት ሐውስ በ2022 መክፈል ጀመረ። ደጅ የሚጠናው መንግሥት ከፍሎ ደጅ ጠኚው ድርጅት «ልምድ» ይለኛል?

ሂል ያሳደገኝ
የመንግሥት በጀትና የትንሽ ድርጅት ካዝና አንድ ነው? ይክፈሉ ካልሽ ከአምስት ልጅ ሁለት ይቀበላሉ። የሚቀሩት ሦስቱ የኛ ልጆች ናቸው፣ የነማን ልጆች እንደሚገቡ አንቺም ታውቂዋለሽ።

አሌክሳንድሪያ ነኝ
አሁንም የሚገቡት እነሱ ናቸው! የኛ ልጅ ክረምት ላይ ትሠራለቻ፣ ለመጽሐፍ መግዣ።

የቤቲ እናት
ይቅርታ ልጆች፣ ልጄ ማመልከት ትፈልጋለች። ሱፍ መልበስ ግዴታ ነው? የዲሲ ክረምት ደግሞ ሙቀት ነው።

ሕግ ተማሪ ነኝ
የትምህርት ክሬዲት ከተያዘላት ግን ይለያል፣ ዩኒቨርሲቲው ይቆጥርላታል።

ፓርኪንግ 19 ዓመት
ክሬዲቱን ማን ይገዛዋል ወንድሜ? የክረምት ክሬዲት የሚከፈልበት ነው። የኔ ልጅ ዓምና እንደዛ አደረገች። እሷ እየከፈለች ሠራች። እንዲህ ያለ ሥራ አገር ቤትም አላየሁ።

ሁለት ሥራ
ልምዱ ራሱ ዕዳ ነው በሉታ 😂

ጠያቂ
የወንድሜ ልጅ በኤፍ ዋን (የተማሪ ቪዛ) ነው ያለው። ክፍያ ከሌለው ፈቃድ አያስፈልገውም ይባላል፣ እውነት ነው?

ሕግ ተማሪ ነኝ
ተው! «በነጻ ነው» ብሎ እንዳይጀምር። መጀመሪያ የትምህርት ቤቱ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ይሂድ። ሲፒቲ (ከትምህርቱ ጋር የተያያዘ የሥራ ፈቃድ) የሚያስፈልገው ከሆነ አይ ትዌንቲው (የተማሪነት ወረቀቱ) ላይ ሳይጻፍለት አንድ ቀን እንዳይሠራ።

ቀጥታ ተናጋሪ
ዋናውን ረሳችሁት። «የመንግሥት ጉዳዮች» ማለት ሎቢ (እንደራሴዎችን ማግባባት) ነው። እንዲህ ያለ ድርጅት ደግሞ ሎቢ ማድረግ ክልክል ነው። ልጆቻችንን ለምን ያስገቡብናል?

ሕግ ተማሪ ነኝ
ክልክል አይደለም። በልክ ይፈቀዳል። ፈጽሞ የተከለከለው ለምርጫ ዕጩ መቀስቀስ ነው፣ እሱም እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ። ሂሪንግ ገብታ ማስታወሻ የምትይዝ ልጅ ደግሞ ሎቢስት አትባልም። በሦስት ወር ውስጥ ከጊዜዋ 20 በመቶ በዚያ ሥራ ላይ ካልዋለ ምዝገባ የለም።

ቀጥታ ተናጋሪ
በልክ! ልኩን ማን ይለካዋል? እኛ እ.ኤ.አ. በ2018 ኤችአር 128ን (የኢትዮጵያን ሰብዓዊ መብት ጉዳይ) ስናሳልፍ ከሬይበርን እስከ ካነን፣ በእንደራሴዎቹ ሕንጻዎች፣ እያንዳንዱን በር በእግራችን ነው ያንኳኳነው። ማን ከፈለን? ለአገር ነው ብለን ሠራን። ልምድም ደመወዝም አላልን።

ፓርኪንግ 19 ዓመት
እሱ ፈቃዳችሁ ነበር። ማንም 30 ሰዓት አላስፈረማችሁም። ደግሞ 128 ሕግ አልነበረም፣ የአንዱ ምክር ቤት የአቋም መግለጫ ነው። ማንንም አያስገድድም።

ቀጥታ ተናጋሪ
መግለጫ? መግለጫ ነው ያልከው? በኛ ሚያዝያ 2 ቀን ሲያልፍ ያለቀስነው ለመግለጫ ነው?

ሂል ያሳደገኝ
ደሞ ወደ 128 ገባችሁ። በየክርክሩ 128።

ቀጥታ ተናጋሪ
አንቺ ያኔ የት ነበርሽ? ደመወዝ ላይ?

ሂል ያሳደገኝ
ስልክ የሚያነሳው ቢሮ ውስጥ ነበርኩ! ቀኑን ሙሉ ስትደውሉ ማን የሚያነሳ መሰለህ? ኢንተርኗ ናት። «ስምህ? ዚፕ ኮድህ?» የምትልህ። ልምዱን ከየት ያመጣሁት ይመስልሃል?

አሌክሳንድሪያ ነኝ
እና እሷስ ይከፈላት ነበር?

ሂል ያሳደገኝ
አንዷ ይከፈላት ነበር፣ አንዷ አልነበረም። ከፈለግሽ እሱንም ጻፊበት።

የሲልቨር ስፕሪንግ አባት
ጭብጨባውን ጠይቄ 128 ደረስን። አሁንም ያጨበጨባችሁ አልመለሳችሁልኝም። አንዷ ብቻ ናት የወጣችው።

ቀጥታ ተናጋሪ
መግለጫ አይደለም።

የቤቲ እናት
ሱፉን ማንም አልመለሰልኝም።