ለቱልሲ መስገድና ቱልሲን ማዘዝ አንድ ነው?

ጠያቂዋ፦
በ2020 (በፈረንጅ) ኮሮና ሲገባ የህንድ አዩሽ ሚኒስቴር ለሕዝቡ ምክር ሰጠ። የባህል ሕክምናን የሚመራው መሥሪያ ቤት ነው። ቱልሲ፣ ቀረፋ፣ ቁንዶ በርበሬና ዝንጅብል አፍልታችሁ በቀን አንዴ ወይ ሁለቴ ጠጡ አለ። ቱልሲ ደግሞ ለሂንዱዎች በየግቢው ተተክላ የምትመለክ ናት። መንግሥት የሚመለክ ተክል ማዘዙ ልክ ነው? እኔ አይደለም ባይ ነኝ። ሰው የሚሰግድለትን ነገር መርምሩልኝ አይልም።

ህንድ የተማረው፦
እህቴ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ቫራናሲ ስማር አከራዬ ጠዋት ሳትታጠብ ቱልሲዋን አትነካም ነበር። ውሃ ታጠጣታለች፣ ማታ ኩራዝ ታበራላታለች። እሁድ ቅጠሏን አትቀጥፍም። በካርቲክ ወር ሻሊግራም ከሚባለው ጥቁር ድንጋይ ጋር ትድራታለች፤ ድንጋዩ የቪሽኑ ምልክት ነው፣ ሠርጉም የምር ሠርግ ነው። ሰው ሲያጣጥር ደግሞ ቅጠሏን ከጋንጅስ ውሃ ጋር አፉ ውስጥ ያደርጉለታል። ይድናል ብለው አይደለም። እንደሚሞት ያውቃሉ፤ የሚሸኙት ነው። እኔ ሳል ሲይዘኝ ግን ያቺው እናት ቅጠሏን ከዝንጅብል ጋር አፍልታ ሰጠችኝ። ካልተሻለህ ሐኪም ቤት ሂድ ብላኛለች። አምልኮው ሌላ፣ ሻዩ ሌላ መሆኑን ከእኛ በላይ ታውቃለች።

የጎንደሩ፦
ቱልሲ እኮ የበሶብላና የዳማከሴ ዘመድ ናት! ምች ሲመታን ዳማከሴ ስናሽ ማን ጥናት አምጡ አለን?

ፋርማሲስቷ፦
ወንድሜ፣ አለማለታችን ነው የሚያሳስበኝ። ለነገሩ እኔን ቱልሲ ብዙም አታሰጋኝም። የምፈራው ጊሎይ የሚባለውን ሌላ የህንድ መድኃኒት ተክል ነው። በዚያው የኮሮና ሰሞን አቅም ይጨምራል እየተባለ ብዙ ሰው ጠጣው። በ2021 የሙምባይ ሐኪሞች ጊሎይ ወስደው ጉበታቸው የተጎዳ 6 ሕሙማን አገኘን ብለው አሳተሙ።

የጎንደሩ፦
ሚኒስቴሩ ግን ተክሉ በትክክል አልተለየም፣ ከሚመስለው ሌላ ተክል ጋር ተምታቶ ይሆናል ብሎ መልሶላቸዋል። ለምን ትዘልይዋለሽ?

ፋርማሲስቷ፦
አልዘለልኩትም። እሺ፣ ተምታቷል እንበል። ታዲያ በሽተኛው በምን ይለየው? መለየት የነበረበት ጠጡ ያለው አካል ነው። የባህል መድኃኒት ይጣል አላልኩም። ሳርፓጋንዳ የሚባለውን ሥር ህንዶች ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ሩስተም ጃል ቫኪል የተባለ የሙምባይ ሐኪም በደም ግፊት ሕሙማን ላይ ሞክሮ በ1949 ውጤቱን አሳተመ። በ1952 ሬሰርፒን የተባለው ንጥረ ነገር ከሥሩ ተለይቶ ወጣ፣ በዓለም ዙሪያም ታዘዘ። መጠኑ ተለካ፣ የጎንዮሽ ጉዳቱ ተጻፈ። የአያቶችን እውቀት ማክበር ለእኔ ይሄ ነው።

ህንድ የተማረው፦
በዚህ እስማማለሁ። አከራዬም የምታፈላው ራሷ ተክላ የምታውቀውን ነው። በጠርሙስ የሚሸጠው ዱቄት ላይ ግን የቱልሲ ሥዕል አለ፣ መጠኑና ጉዳቱ የለም። ሰው የሚገዛው ሥዕሉን አምኖ ነው።

ጠያቂዋ፦
እኔ ያልኩትም ከዚህ ብዙ አይርቅም፣ ግን ጥፋቱን አማኞቹ ላይ ጥዬ ነበር። እሱን አንስቻለሁ። ጥያቄዬን ላስተካክል፦ ሚኒስቴሩ ጠጡ ከማለቱ በፊት እንደ ሳርፓጋንዳው የመመርመር ግዴታ አለበት ወይስ የለበትም? የጎንደሩ፣ አንተ ምን ትላለህ?

የጎንደሩ፦
አለበት። ዳማከሴም አብሮ ይመርመር።